በሜዲትራንያን ራስጌ

ፈረንሳይ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። የኛ ክረምት ገብቶ እኛ ጭቃ ስናቦካ የነሱ በጋ ነውና ሳይክሉን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ለኔ ፎቶ መላክ ነው። አንድ ዓመት ሮን የሚባለውን ወንዝ ተከትሎ ነዳ። ከጄኔቫ ሐይቅ ተነስቶ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር 815 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ ለሳይክል ተብሎ የተሰናዳ መንገድ አላቸው፤ «ቪያ ሮና» ይሉታል። በአንድ በኩል የወይን ተክል፣ በሌላ በኩል ወንዝ፣ በየመንደሩ ቡና፣ በየመታጠፊያው ሰው እንዳይጠፋ ምልክት። ፎቶው ሥር «በሜዲትራንያን ሸለቆ ሕይወት እንዲህ ናት!» ብሎ ጽፏል። ዕድሜ ይስጠው።

እኔም ከጥሊሊ መለስኩለት፤ «እኛም እዚያው ነን፤ የተቀመጥነው ከራስጌው ነው።»

የቀለድኩ መሰለው። አልቀለድኩም። የሚከራከረኝ ካለ ካርታውን ይዞ ይምጣ። ጥሊሊ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከቡሬ ወደ እንጅባራ ሲመጡ አስፋልቱ ላይ ትገኛለች። በእኛ በኩል ፈጣም ይወርዳል፤ ፋንግ የሚባለውን ፏፏቴ የሚጥለው እሱ ነው። በሰከላ በኩል ደግሞ ግልገል ዓባይ ከግሽ ይነሳል። በሁለቱ መካከል ካለው ከፍታ ላይ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ጎን ለጎን ቢወድቁ፣ አንዷ በፈጣም በኩል ወደ ደቡብ ወርዳ በአቋራጭ የዓባይ በረሃ ትገባለች። ሁለተኛዋ በግልገል ዓባይ በኩል ወደ ሰሜን ሄዳ ጣና ትገባለች፤ ከጣና በባሕር ዳር በኩል ወጥታ፣ በጢስ ዓባይ ተወርውራ፣ ጎጃምን በሙሉ በምሥራቅ ዞራ፣ ያችን የጎረቤቷን ልጅ በረሃው ውስጥ ታገኛታለች። «የት ቆየሽ?» ብትባል የምትመልሰው ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ አብረው ሱዳን፣ አብረው ግብፅ፣ አብረው ሜዲትራንያን። አሁን ደግሞ መንገድ ላይ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ውስጥ ገብተው መብራት ሳያመነጩ አያልፉም።

ታዲያ ሮን ማን ሆኖ ነው? የኛ ወንዝ ከግሽ ተነስቶ ባሕሩ እስኪገባ ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የአክስቴ ልጅ ከሚኮራበት መንገድ አምስት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ቁልቁለቱንም አስሉት። ግሽ ዓባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ያንን ለ4000 ኪሎ ሜትር ስታካፍሉት ለአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር እንኳ አይደርስም። በወረቀት ላይ ከሆነ፣ ሳይክል ላይ የወጣ ሰው ፔዳል ሳይመታ፣ ጉልበቱን ሳይጨርስ፣ በገዛ ክብደቱ ብቻ ሜዲትራንያን ይደርሳል።

ወረቀት ግን ገደል አያውቅም።

ይህን ያወቅሁት የእህቴ ልጅ ለእረፍት ከባሕር ዳር ሳይክሉን አይሱዙ ላይ ጭኖ በመጣ ጊዜ ነው። ጎማው ወፍራም፣ ማርሹ 21፣ ፊቱ ላይ ንዝረት የሚያበርድ ሞላ ያለው፣ በተለምዶ «ማውንቴን» የሚባለው ነው። ባሕር ዳር ሳይክል የማይነዳ ሰው ጥቂት ነው፤ ተማሪው ይነዳል፣ ሠራተኛው ይነዳል፣ ዳቦ የሚያመላልሰው ይነዳል። መሬቷ ሜዳ ናት። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ካልወጣ በስተቀር ያ ልጅ ከ21ዱ ማርሽ ሦስቱን እንኳ የሚነካበት ምክንያት የለውም። እኛ ዘንድ ደግሞ መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ነው፤ ሳይክል ግን በዓመት አንዴ ብናይ ነው። ነገሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው ይገርመዋል፤ በአማራ ክልል ተራራው ባለበት ሁሉ ፈረስ፣ ሜዳው ባለበት ሁሉ የተራራ ሳይክል።

ይህን ሳይክል የፈለሰፉትም ሰዎች ቢሆኑ ዳገት ወዳድ አልነበሩም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ ዙሪያ የሚኖሩ ወጣቶች ናቸው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሮጌ ሳይክሎቻቸውን የጭነት መኪና ላይ ጭነው ጫፍ ይወጡና ቁልቁል ይለቁታል። በጥቅምት 1976 መወዳደር ጀመሩ። ፍሬኑ የኋላ ጎማው መሐል ውስጥ ነበርና ታች እስኪደርሱ ውስጡ ያለው ግራሶ በሙቀት ይጨስ ነበር፤ አንዴ በወረዱ ቁጥር ፈትተው አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነው። የውድድሩን ስም ከዚያ አወጡለት፤ «ሪፓክ» አሉት፣ እንደገና መሙላት ለማለት። ሃያ ዓመት ሳይሞላው በ1996 አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ስፖርት ሆኖ አረፈው። ዋናው ነገር ግን መኪናው ነው። የመጀመሪያዎቹ የተራራ ሳይክል ነጂዎች ተራራውን የወጡት በመኪና ነው! ይህን ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አይሱዙውን አንለቀውም ነበር።

ለነገሩ ሳይክል ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። አገራችን በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ነበሩ፤ የቡድኑም ውጤት ዘጠነኛ ነበር። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የመቀሌው ጽጋቡ ገብረማርያም የፈረንሳይን ዙር የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ስነግረው ደረቱ ተነፋ። መንገዱ ጸጥ ያለበት ዘመን ነበርና «ጋሼ፣ ለምን ግሽ ዓባይ አንሄድም? ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው» አለኝ። እኔ የጎረቤት ሳይክል ተበደርኩ፤ ቻይና የሠራችው፣ ማርሽ የሌለው፣ ከብረቱ ክብደት የተነሳ ሲቆም መሬት የሚደፍቅ።

ከመነሳታችን በፊት አንድ ሃይማኖታዊ ችግር ተፈጠረ። ግሽ ዓባይ ጸበል ነው፤ እህል የቀመሰ ሰው ጸበሉ ዘንድ አይቀርብም። ሳይክል ደግሞ ያለ እህል አይነዳም። እህቴ ጎህ ሳይቀድ ድንች ቀቅላ፣ ሚጥሚጣውን አቅርባ ቆማለች።

«ብሉና ሂዱ እንጂ! ባዶ ሆዳችሁን ያን ዳገት?»

«እታለም፣ ጸበል ነው የምንሄደው።»

«እና ቀዳሹ አንተ ነህ?»

ልጇ በዩኒቨርሲቲ የተማረውን አመጣ። ካሎሪ፣ ጉልበት፣ ስኳር እያለ አስረዳን፤ እያስረዳ ድንቹን ይልጣል። በመጨረሻ ተስማማን። እሱ ይብላ፤ ሲደርስ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይሳለም። እኔ ልጹም፤ ስደርስ ገብቼ ለሁለታችንም ልጠጣ። ለሥጋው እሱ፣ ለነፍሱ እኔ መሆኔ ነው። ውሉ ፍትሐዊ የመሰለኝ አስፋልቱን ለቀን የመጀመሪያው ዳገት እግር እስክንደርስ ድረስ ነበር።

አሁን ስለ ወንዝ መንገድ አንድ ነገር ልበል። የፈረንሳዩ መንገድ የሚያምረው ወንዙ ለጥ ባለ ሜዳ ስለሚሄድ ነው፤ ሰውም ከጎኑ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ወንዝ ገና ጠጅ ሣር ከበቀለበት ረግረግ ሲነሳ ጀምሮ መሬት መቅደድ ነው ሥራው። ወንዝ ለመከተል የሚሞክር ሰው ወደ ወንዙ የሚገቡትን ጅረቶች ሁሉ አንድ በአንድ እየወረደ አንድ በአንድ መውጣት አለበት። ስለዚህ የአገራችን መንገድ ጀርባ ጀርባውን ይሄዳል፤ ወንዙን ታች ሲያበራ ከሩቅ እያዩ ማለፍ ነው። እኛም ወንዝ ልንከተል ወጥተን ወንዝ ፍለጋ ዳገት ስንገፋ ዋልን።

ገፋን ያልኩት እውነት ነው። ሳይክል ዳገት ላይ ሲነዳ ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ በ21 ማርሹ ጥቂት ታገለ፤ ካቴናው ከትንሹ ማርሽ ወደ ትልቁ ሲዘል «ቋ!» እያለ ሕፃናቱን አሳቀ፤ ከዚያ ወርዶ እንደኔ ገፋ። ጄሪካን ያዘሉ ሴቶች አለፉን። ከሰል የጫኑ አህዮች አለፉን። አንዲት አሮጊት ዶሮ ታቅፈው ወደ ገበያ ሲሄዱ «አይዟችሁ» ብለውን አለፉ። የአዊ ከሰል ብርቱ ነገር ነው፤ ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ግራር ገበሬው ማሳው ላይ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት በመሐሉ ጤፍ አምርቶ፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስለዋል፤ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ፋግታ ለኮማ ወረዳ በዚህ ተክል የታወቀ ነው። በኋላ በሽታ ገባበት እንጂ መንገዱን በሙሉ ግራና ቀኝ አጥሮት ነበር። ሳይክል ለሚገፋ ሰው ጥላው ጥሩ ነው።

አንድ ሽማግሌ ከኋላ በፈረስ ደረሱብን። ፈረሱ ቀይ ወርዳማ ጌጥ አንገቱ ላይ አለበት፤ እሳቸው ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። ፈረሱን አቀዝቅዘው ከጎናችን አስኬዱት።

«እንዴት አደራችሁ ልጆቼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደሩ አባቴ?»

«ታሟል?» አሉ፣ ሳይክሉን በአርጩሜ እያመለከቱ።

«አልታመመም፤ ደኅና ነው።»

«ታዲያ ለምን ደግፋችሁ ትወስዱታላችሁ?»

የእህቴ ልጅ ማርሹን፣ ሞላውን፣ ፍሬኑን አንድ በአንድ አስረዳቸው። በትዕግሥት ሰሙ።

«ምን ይበላል?»

«ምንም አይበላም አባቴ፤ ነፋስ ብቻ ነው።»

«አዬ! ለዚህ ነዋ ዳገት ያቃተው» አሉና ፈረሱን ነካ አደረጉት። ወዲያው ከዓይናችን ተሰወሩ።

ከሰባት ቤት አገው አገር ሰው ጋር በዚህ ጉዳይ መከራከር አይቻልም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በ2012 ሰማንያኛ ዓመቱን አክብሯል። አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን የሚያስቡበት ነው። እዚህ ፈረስ ከመጓጓዣነት ያለፈ ነው። ሙሽራ ይሸኛል፤ ለቅሶ ላይ ያለባለቤቱ ተጭኖ ይዞራል። ባለቤቱ ሰርግ ውሎ ጠላው ቢጫነው እንኳ ፈረሱ መንገዱን ያውቀዋል፤ ገደሉ ጋ ሲደርስ በራሱ ይቆማል፤ ደጅ አድርሶ ያንኮራፋል። ሳይክል እንዲህ ዓይነት ኃላፊነት አይሰማውም። ሰካራምን ቀርቶ ጾመኛን እንኳ አይታገሥም።

የዚህን አገር ፈረስ ክብር ጀምስ ብሩስ አሳምሮ ያውቀዋል። ስኮትላንዳዊው ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ወደ ግሽ ሲመጣ የዳሞቱ ገዥ ፋሲል አንድ ፈረስ ሰጠው። እንዳይጋልበው፣ ኮርቻውና ልጓሙ እንዳለ ከፊቱ እያስነዳው እንዲሄድ መከረው፤ የአገሬው ሰው ያንን ፈረስ ካየ አይነካህም አለው። እንደተባለውም ሆነ። ሰው ያልተቀመጠበት ፈረስ ፓስፖርት ሆኖ ከፊት ከፊት ሄደ። እኛም የማንቀመጥበትን ነገር ከፊታችን እየገፋን ነበር የምንሄደው፤ ልዩነቱ የኛን ያየ ሁሉ መንገድ ከመልቀቅ ይልቅ ቆሞ መሳቁ ነው።

ከዳገቱ ጫፍ ቁልቁለት መጣ። ስለ ቁልቁለቱ ብዙ መናገር አልፈልግም። የኔ ሳይክል ፍሬን የጎማ ቁራጭ ነው፤ ያም በጊዜው አልቆ ብረቱ ከቸርኬው ጋር ይፋጫል። የካሊፎርኒያዎቹ ግራሶ ጨሰ፤ የኔ የጨሰው ጫማዬ ነው። ሁለት እግሬን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ አንድ የበግ መንጋ ለሁለት ከፍዬ፣ የእረኛውን ስድብ በአውኚም በአማርኛም ሰምቼ፣ ጅረቱ ጋ ቆምኩ። የእህቴ ልጅ ከኔ በፊት ደርሶ ተቀምጧል፤ የፊት ጎማው ተንፍሷል። አጋም ነው የወጋው።

እዚያች ጅረት ዳር ያየሁትን የእጅ ሥራ ግን ከልቤ አከብራለሁ። ልጁ ኮፐርቶኑን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ ከመነዳሪውን አወጣ፤ በትንሿ ፖምፓ ነፋው፤ ጅረቱ ውስጥ እየነከረ አዟዟረው። አረፋ «ቡልቅ» ሲል ቀዳዳውን በጣቱ ያዘ። አደረቀው፤ በድንጋይ ፈተገው፤ ማስቲሽ ቀባው፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ክብ ለጠፈበት፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ በመቀመጫው ተጫነው። እረኛው ስድቡን ረስቶ መጣና ከጎኑ ተቀምጦ ተማረ። ሲጨርስ «ለኔ የአባቴን ጎማ ጫማ ትሠራልኛለህ?» አለው። የሜዲትራንያን ሸለቆ ጎሚስታ ሥራ በዚህ ተጀመረ።

ግሽ ዓባይ ስንደርስ ፀሐይዋ ከአናታችን አልፋ ነበር። እኔ ባዶ ሆዴን ነኝ፤ ዓይኔ ብዥ ብሏል፤ ጉልበቴ የራሱን ዳንስ ይዟል። ቦታው የጻድቁ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ አገር ነው። የዓለም ረጅም ወንዝ ከዚህ ይነሳል ብሎ ግርማ ሞገስ የሚጠብቅ ሰው ሲያየው ዝም ይላል፤ አረንጓዴ ረግረግ መስክ፣ አጥር፣ በጎድጓዳ ውስጥ የቆመ ጥርት ያለ ውሃ። ጄሪካን የያዘ ምእመን በሰልፍ ተራውን ይጠብቃል።

በሩ ላይ ያሉት አባት ሁለታችንንም አዩን።

«ምን ቀምሳችኋል?»

«እኔ ምንም» አልኩ፣ ድምፄ እንኳ ጾመኛ መሆኔን እየመሰከረ።

የእህቴ ልጅ ስለ ካሎሪ ሊጀምር ሲል «ድንች» ብዬ ጨረስኩለት።

«እሱ እዚያ ይቁም። አንተ ጫማህን አውልቅና ግባ።»

ጫማ ማውለቁ ለኔ ብቻ የመጣ ሕግ አይደለም። ብሩስንም የዚያን ጊዜ ሰዎች አውልቀህ ውረድ ብለውታል። አውልቆ በደስታ ቁልቁል ሲሮጥ በየመሬቱ የወጣው የአበባ ሥር ጠልፎት ሁለት ጊዜ ክፉኛ እንደወደቀ ራሱ ጽፏል። ይህን ሳነብ ልቤ ረካ፤ ሳይክል ሳይኖረው በእግሩ ሁለቴ ከወደቀ እኔ በሳይክል ስንት ጊዜ ብወድቅ ምን ይገርማል? ምንጩ ዘንድ ደርሶ ውሃውን በኮኮናት ቅርፊት ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤንነት ጠጣ። አጠገቡ ስትራተስ የሚባል ግሪካዊ ነበር፤ የሜዲትራንያን ልጅ የሜዲትራንያንን ራስጌ ሊያይ መምጣቱ መሰለኝ። ብሩስ ከኔ በፊት አውሮፓዊ እዚህ አልደረሰም ብሎ ድርቅ ብሏል። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ አይቶት ነበር፤ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ቀድሞት። የአገሬው ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት እዚያው ይኖር ነበር፤ ማንም አልጠየቀው እንጂ።

እኔ ስጠጣ የጠጣሁት ለእህቴ ልጅ ጉልበት ነው፤ በመመለሻው የሁለታችንንም ሳይክል የሚገፋው እሱ ነበርና። አልሆነም። ከጸበሉ ስወጣ እሱ ከድንች ጫኝ መኪና ረዳት ጋር ይነጋገር ነበር። ሳይክሎቹ ከጆንያው ላይ ተጋድመው፣ እኛም ከሳይክሎቹ ላይ ተጋድመን ጥሊሊ ገባን። የተራራ ሳይክል አባቶች ባወጡት ሥርዓት መሠረት መሆኑ ነው፤ ዳገት በመኪና።

እንግዲህ ከጥሊሊ ወደ ግሽ ዓባይ በሳይክል ልሂድ የምትሉ ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ክረምት አትሞክሩት፤ የአዊ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጎማውንና ሹካውን አንድ ያደርጋቸዋል። ጥቅምትና ኅዳር ደኅና ነው። ሁለት ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ፖምፓ፣ የፍሬን ጎማ ያዙ፤ መንገድ ላይ አታገኙም። ጸበል ልትገቡ ከሆነ ድንቹን ለመመለሻ አስቀምጡ። ፈረሰኛ ከኋላ ሲመጣ ዳር ያዙ፤ ፈረስ የሳይክል ደወል አይወድም። ጥር 23 ቀን፣ የፈረሰኞቹ በዓል ዕለት ግን፣ ሳይክል ይዛችሁ እንጅባራ እንዳትገቡ። የዚያን ቀን መንገዱ የፈረስ ነው።